አደይ አበባ አንድ ነው ወይስ ብዙ? የቢጫዎቹ አበቦች ዝምድና

የሱሉልታዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ከሱሉልታ ወደ ጫንጮ ስንሄድ መንገዱ ግራና ቀኝ ቢጫ ሆኗል። ወርጄ ፎቶ አነሳሁ፣ ሦስቱን ከታች ለጥፌያለሁ። ከሩቅ ሲታዩ ሦስቱም አደይ ናቸው። ቀረብ ስል ግን አንዷ ቅጠሏ በጣም የተቆራረጠና ቀጫጭን ነው፣ ሁለተኛዋ ቅጠሏ ሰፋ ብሎ ጥቂት ቦታ ብቻ የተከፈለ፣ ሦስተኛዋ ደግሞ ምንም ያልተከፈለና ግንዱን አቅፎ የተቀመጠ ቅጠል አላት። በስልክ አፕ ባስገባቸው አንዷን ኮስሞስ፣ አንዷን ኮርዮፕሲስ፣ ሦስተኛዋን የሱፍ አበባ አለኝ። አፑን አላመንኩትም።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አደይ የምንለው አንድ ዝርያ ነው ወይ? ካልሆነስ እነዚህ ሁሉ ቢጫዎች ከአንድ ግንድ የመጡ ዘመዳሞች ናቸው ወይስ መልክ ብቻ ነው ያመሳሰላቸው?

ቅጠልና ዘር
ከሦስተኛዋ ልጀምር። እሷ አደይ አይደለችም፣ መጭ ናት። የኑግ የቅርብ ዘመድ ነች። ያልተከፈለውና ግንዱን ያቀፈው ቅጠል ጥሩ ፍንጭ ነው። ማረጋገጥ ከፈለግሽ ከአበባው መሀል ካሉት ጥቃቅን አበቦች አንዷን ንቀይና በአጉሊ መነጽር እግሯን እዪ፤ በመጭም በኑግም እግሩ ላይ ፀጉር ይኖራል። ዘሩ ሲደርስ ደግሞ ጥቁርና ለስላሳ ነው፣ አናቱ ላይ ምንም ጥርስ የለውም።

የቀሩት ሁለቱ ባይደንስ ከሚባለው ጂነስ (ተቀራራቢ ዝርያዎችን የሚይዝ ቡድን) ናቸው፣ ማለትም ትክክለኛ አደዮች። አደይ ግን የአንድ ዝርያ ስም አይደለም። በብዛት የሚጠቀሰው ባይደንስ ማክሮፕቴራ ነው፣ ሆኖም ባይደንስ ፓኪሎማንም ባይደንስ ፕሬስቲናሪያንም ሕዝቡ አደይ ብሎ ነው የሚጠራቸው። በአገራችን ከአሥር በላይ የባይደንስ ዝርያዎች አሉ፤ የተወሰኑት በሌላ አገር አይገኙም።

የአንቺ ሁለቱ የትኞቹ እንደሆኑ ግን ከእነዚህ ፎቶዎች መናገር አልችልም። ማንም ቢነግርሽ አትመኚው። ሁሉም ፎቶ ከላይ የተነሳ ነው፣ ከላይ ሲታዩ ደግሞ ሁሉም ቢጫ ክብ ናቸው። የበሰለ ዘር ያስፈልጋል።

አባ ቀፎ
ከምዕራብ ጎጃም ነኝ፣ ንብ አረባለሁ። ንቦቼ አደይና መጭ ሲያብቡ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲመላለሱ ነው የሚውሉት። የመስከረምና የጥቅምት አበባ ነው የኅዳርን ማር የሚሠራው። ኑግ ማሳ አጠገብ ከሆኑማ ሦስቱንም ይቀስማሉ። እንግዲህ ንብ ዱቄቱን ከዚህ ወስዳ እዚያ ካራገፈች እነዚህ አበቦች አይዳቀሉም ወይ? ከተዳቀሉስ የተለያዩ ዝርያዎች የሚለው ነገር ከየት መጣ?

ቅጠልና ዘር
ጋሼ፣ እርስዎ ያነሱት ነው የዚህ ሁሉ ጉዳይ ቋጠሮ።

አደይና መጭ አይዳቀሉም፣ በጣም ተራርቀዋል። ሁለቱም ከሱፍ አበባ ቤተሰብ ናቸው፣ ግን ቅርንጫፋቸው ሌላ ነው። ድሮ ኑግን ከባይደንስና ከኮርዮፕሲስ ጋር አንድ ጎራ ውስጥ ይመድቡት ነበር። በኋላ የዲ ኤን ኤ ጥናት ሲመጣ ወደ ሌላ ጎራ ተዛወረ። ስለዚህ የሱሉልታዋ እህታችን ሜዳ ላይ ጎን ለጎን ያየቻቸው አደይና መጭ ቢጫነታቸው ስለ ቅርብ ዝምድናቸው የሚነግረን ነገር የለም። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ቢጫ አበባ ያላቸው እጅግ ብዙ ናቸው።

ኑግና መጭ ግን ይዳቀላሉ። ሁለቱም 30 ክሮሞሶም (ዲ ኤን ኤን የሚሸከሙ ክሮች) አላቸው። ኑግ በራሱ ዱቄት አይፀንስም፣ ከሌላ ተክል መቀበል አለበት፣ ለዚህም ነው የእርስዎ ንቦች ለኑግ ገበሬ የሚጠቅሙት። ማሳ ዳር ያለችው መጭ ከኑግ ጋር በሙከራ ተዳቅላ ፍሬያማ ልጆች ሰጥታለች።

የመምህሩ ልጅ
ይህን ሳነብ ደስ አለኝ፣ ምክንያቱም እኛ ሰፈር መጭ ማለት አረም ነው። አባቴ የኑግ ማሳ ውስጥ ሲያያት ይነቅላታል፣ ግን ገና ስትበቅል ከኑጉ አትለይም። ትልልቆቹ እንኳ የሚለዩት ከፍ ስትልና ስታብብ ነው። ለምን እንዲህ እንደተመሳሰሉ ግን የነገረን የለም። አባት አረም ልጅ ሰብል ማለት ነው?

ቅጠልና ዘር
ወንድሜ፣ ብዙ ባለሙያዎች የሚስማሙበት እንዲያ ነው። ጂነሱ ጉይዞቲያ ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው ዋናው ምደባ ስድስት ዝርያዎች ይሰጠዋል፤ ማዕከላቸውም ኢትዮጵያ ነው። ከእነዚህ አንዷ ጉይዞቲያ ስካብራ ናት። እሷም ሁለት ንዑስ ዝርያ አላት፣ አንደኛው ስካብራ ሁለተኛው ሺምፔሪ። የእናንተ ሰፈር መጭ ሺምፔሪ ናት።

አሁን ዋናው ነገር። በመልክ ተመድባ ሺምፔሪ የስካብራ እህት ተደርጋለች። የክሮሞሶም ቅርጽም የዲ ኤን ኤም ጥናት ግን ሺምፔሪን ከእህቷ ይልቅ ወደ ኑግ ያስጠጋታል። ስለዚህ ገበሬ ትልልቅ ዘር እየመረጠ፣ እየዘራ፣ እያጨደ በብዙ ትውልድ ኑግን ከመጭ መሰል ተክል አወጣው የሚለው ሐሳብ ሚዛን ይደፋል። ኑግ ከዚህ ወጥቶ ነው ህንድ የደረሰው። አባትህ የሚነቅላት ተክል የኑግ ዘመድ ብቻ አይደለችም፣ ለኑግ ማሻሻያ የሚሆን የዘር ባሕርይ ያላት ተክል ናት። ከማሳው ይንቀላት፣ ከዳር ከዳሩ ግን ትኑር።

ጥያቄ አለኝ
እኔ እንደዚህ ዓይነት ነገር ላይ ትንሽ እጠራጠራለሁ። ዛሬ አንድ ነው ይሉሃል፣ ነገ ለሁለት ይከፍሉታል፣ ከነገ ወዲያ ስሙን ይቀይሩታል። አደይ አደይ ነው። ከተዳቀሉ አንድ ናቸው፣ ካልተዳቀሉ ሁለት ናቸው፣ ትምህርት ቤት የተማርነው ይኼ ነው። በቃ፣ ማዳቀልና ማየት ነው።

ቅጠልና ዘር
የተማርነው ያ ነው፣ ልክ ነህ፤ ግን ለእንስሳ የሚሠራውን ያህል ለተክል አይሠራም። ባይደንስ ራሱ ጥሩ ማስረጃ ነው። ሃዋይ ደሴቶች ላይ 19 የባይደንስ ዝርያዎች አሉ፣ ሁሉም ከአንድ ቀደምት ተክል የወረዱ ናቸው። አንዱ ባሕር ዳር አሸዋ ላይ ይበቅላል፣ አንዱ ዝናባማ ደን ውስጥ፣ አንዱ ረግረግ ላይ። በቅጠል፣ በቁመት፣ በዘር ቅርጽ የማይገናኙ ናቸው። ግን ማዳቀያ ቤት ውስጥ ሲሞከሩ ሁሉም ከሁሉም ጋር ይወልዳል፣ ልጆቹም መካን አይደሉም። በአንተ መለኪያ 19ኙ አንድ ዝርያ ሊሆኑ ነው። ሜዳ ላይ ግን አብዛኞቹ አይገናኙም፤ አንዱ በአንዱ ደሴት ሌላው በሌላው ነው፣ ወይም አንዱ ተራራ አናት ሌላው ሥሩ ነው። ተነጥለው የየራሳቸውን ታሪክ እየኖሩ ነው። እኔ ዝርያ ስል ይህን የተለየ ታሪክ ማለቴ ነው።

ስለ ስም መቀያየር የተናገርከው እውነት ነው፣ ያናድዳልም። ግን ለአደይ ስሙ የተቀየረበት ምክንያት አለው።

የድሮ ሳጥን
እሱን እኔ ልቀጥል፣ ሀርባሪየም (የደረቁ ተክሎች ናሙና የሚቀመጥበት ቤት) ውስጥ ሠርቻለሁ።

የእኛን አበቦች ለአውሮፓ ካስተዋወቁት አንዱ ጀርመናዊው ሺምፐር ነው። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጥቶ ትግራይና ስሜን እየዞረ ተክል ሲሰበስብ ኖረ፣ በ1878 አድዋ ሞተ፤ የመጭዋም ሺምፔሪ የእሱን ስም የያዘች ናት። እሱ የላካቸውን ደረቅ ናሙናዎች አውሮፓ ያሉ ሰዎች ሜዳውን ሳያዩ ስም አወጡላቸው። ችግሩ ከዚያ ይጀምራል። ደረቅ ናሙና ላይ ቀለሙ ይጠፋል፣ ዘሩ ብዙ ጊዜ አልደረሰም፣ አንዱ ተክል ለም መሬት ላይ ስለበቀለ ሁለት እጥፍ አድጎ ሌላ ዝርያ ይመስላል።

ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1937 ሸርፍ የተባለ አሜሪካዊ የዓለምን ባይደንስ በሙሉ የሚዘረዝር ግዙፍ ሥራ አሳተመ። ባይደንስንና ኮርዮፕሲስን የሚለይበት ዋና ምልክት ዘሩ ነበር። ዘሩ አናት ላይ ወደ ኋላ የሚነክሱ እሾሃም ጥርሶች ካሉት ባይደንስ፣ ዘሩ ጠፍጣፋ ሆኖ ጎኑ ላይ ክንፍ ካለው ኮርዮፕሲስ። ለአሜሪካ ተክሎች ብዙውን ጊዜ ይሠራል። አፍሪካ ላይ ሲደርስ ተበላሸ። የእኛዎቹ መካከል ክንፍም ጥርስም ያላቸው አሉ፣ ክንፍ ኖሮት ጥርሱ የማይነክስ አለ፣ አንዱም ሌላውም የሌለው አለ። በዚህ ምክንያት ብዙ የምሥራቅ አፍሪካ ዝርያዎች ኮርዮፕሲስ ተብለው ቆዩ፣ ፓኪሎማም ከእነሱ አንዱ ነበር። አፑ ለእህታችን ኮርዮፕሲስ ያላት አንድም ከዚህ የተረፈ ግራ መጋባት ይሆናል።

ይህን ያጠራው የእኛው ሰው ነው። መስፍን ታደሰ እ.ኤ.አ. በ1984 ስዊድን ኡፕሳላ ላይ ያሳተመው የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ የባይደንስ ጥናት የእኛዎቹ ቦታ ባይደንስ ውስጥ መሆኑን በዝርዝር አሳየ። ማክሮፕቴራ ዛሬ የያዘውን ስም የሰጠውም እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣውን የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መዝገብ የዚህን ቤተሰብ ክፍል የጻፈውም እሱ ነው። አዲስ ዓመት ሲመጣ ሁላችን የምንይዘው አበባ ላይ ይህን ያህል የደከመ ሰው መኖሩን ብዙ ሰው አለማወቁ ያሳዝነኛል፣ ይህን ስጽፍም ከልቤ ነው።

የሱሉልታዋ
ቆይ ግራ ገባኝ። ቅጠልና ዘር፣ አንተ ዝርያ ለመለየት የበሰለ ዘር ያስፈልጋል አልክ። አሁን ደግሞ ዘር ነው ሰዎቹን ያሳሳታቸው እየተባለ ነው። ዘሩን ልመን አልመን?

ቅጠልና ዘር
ለመለየት እመኚው፣ ለዝምድና አትመኚው። ሁለቱ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፣ ይህን ማቀላቀል ነው ሰውን የሚያሳስተው።

ዘር ላይ ያለው ክንፍና ጥርስ የዘሩ መጓጓዣ ነው። እሾሃም ጥርስ እንስሳ ፀጉር ላይ ይሰካል፣ ልብስ ላይም፤ ጨጎጊት የምንላትን፣ አንዳንዱ የሰይጣን መርፌ የሚላትን፣ ሱሪ ላይ የምትለጠፈዋን አስቡ። እሷም ባይደንስ ናት፣ ባይደንስ ፒሎሳ፣ ከአሜሪካ የመጣች አረም። ሃዋይ ላይ ፀጉራም የምድር እንስሳ ስላልነበረ ብዙዎቹ ዝርያዎች ነካሹን ጥርስ ጣሉት፣ አንዳንዶቹ ዘራቸው ተጠማዘዘ። ማለትም ይህ ባሕርይ እንደ ኑሮው ቶሎ ይለወጣል። ቶሎ የሚለወጥ ባሕርይ ጎረቤት ዝርያዎችን ለመለየት ጥሩ ነው፣ የሩቅ ዝምድናን ለመቁጠር ግን ያታልላል። ሁለት ተክሎች ክንፍ ያለው ዘር ስላላቸው ብቻ ከአንድ አያት ወረሱት ማለት አይቻልም፣ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው አውጥተውት ሊሆን ይችላል።

ለዚህም ነው ዲ ኤን ኤ ሲታይ ባይደንስም ኮርዮፕሲስም በአሁኑ አከፋፈላቸው ንጹህ ቅርንጫፍ ሆነው ያልተገኙት። የባይደንስ አባላት ኮርዮፕሲስ በሚባሉት መካከል ይገባሉ፣ ኮርዮፕሲስ የሚባሉትም እንዲሁ። የጂነስ ስም አሁንም ወደፊት ሊቀያየር ይችላል ማለት ነው። ለጠያቂው ወንድማችን ከወዲሁ ይቅርታ።

ቤተ ሙከራ
ታዲያ ለምን ዲ ኤን ኤውን አንብበው አይጨርሱትም የሚል ሰው ይኖራል፣ ስለዚህ ትንሽ ልበል። ቅርብ ለቅርብ የሆኑ ዝርያዎች ላይ ዲ ኤን ኤም ይቸገራል።

አንድ ሽማግሌ አምስት ማሳ ነበረው እንበል፣ ለልጆቹ አከፋፈለ፣ ልጆቹም ለልጆቻቸው። አንዱን ማሳ ብቻ ይዘህ ማን ለማን እንደሚቀርብ ብትፈርድ ትሳሳታለህ፣ ምክንያቱም ያ ማሳ በአጋጣሚ ለአጎት ልጅ ደርሶ ሊሆን ይችላል። ጂን፣ ማለትም ከወላጅ የሚወረሰው የዲ ኤን ኤ ክፍል፣ እንደዚያ ነው። ዝርያዎች በአጭር ጊዜ ውስጥ ሲለያዩ በድሮው አያት ውስጥ የነበሩት የጂን ዓይነቶች በየልጁ እንደ ዕጣ ይበተናሉ። በዚያ ላይ መዳቀል ሲጨመር ይብሳል።

ድሮ አንድ ወይም ሁለት አጫጭር የዲ ኤን ኤ ቁራጭ ነበር የሚነበበው። ከኒውክሊየስ፣ ማለትም ከሴሉ እምብርት፣ አንድ፤ ከክሎሮፕላስት፣ ማለትም ቅጠሉን አረንጓዴ ከሚያደርገው የሴል ክፍል፣ አንድ። ክሎሮፕላስት በአብዛኞቹ አበባማ ተክሎች በእናት በኩል ብቻ ነው የሚወረሰው፣ የኒውክሊየሱ ግን ከሁለቱም። ሁለቱ የተለያየ የዘር ሐረግ ካሳዩ አንድ ቦታ ላይ መዳቀል ነበረ ብለህ ትጠረጥራለህ። አሁን ከተክሉ መላ ዲ ኤን ኤ (ጂኖም) በሺህ የሚቆጠሩ ቦታዎችን ማንበብ ይቻላል፣ ያኔ ብዙው ማሳ ወደ የት እንደሄደ ይታያል።

ሌላው የክሮሞሶም ቁጥር እጥፍ መሆን ነው። ባይደንስ መነሻ ቁጥሩ 12 ነው። ጨጎጊቷ ፒሎሳ 72 አላት፣ የቅርብ ዘመዶቿ ባይደንስ አልባ 48፣ ባይደንስ ኦዶራታ ደግሞ 24 አላቸው። ሦስቱን በዓይን መለየት ያስቸግራል፤ ለረጅም ጊዜም እንደ አንድ ዝርያ ይታዩ ነበር። ቁጥሩ ሲቆጠር ነው መለያየታቸው የጠራው። የክሮሞሶሙ ቁጥር እጥፍ የሆነ ተክል እጥፍ ካልሆነው ጋር በቀላሉ አይወልድም። መልክ ሳይለወጥ በር ተዘጋ ማለት ነው።

ሜሪላንድ ያለሁት
እዚህ ስለ አደይ ማውራት ደስ ሲል። እኔ ያለሁት ሜሪላንድ ነው፣ ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ላይ አውራ ጎዳና ዳር ቢጫ አበባ ይሞላል። ሐበሻው መኪና አቁሞ ለእንቁጣጣሽ ይለቅማል፣ አደይ እዚህም አለ ይላል። አደይ ነው ወይ?

የድሮ ሳጥን
መንገድ ዳር በብዛት በዚያ ወቅት የሚያብበው ባይደንስ አሪስቶሳ ሊሆን ይችላል። ዝርያው ሌላ ነው፣ የሰሜን አሜሪካ ተወላጅ ነው፤ ጂነሱ ግን የአደይ ነው። ስለዚህ ሰዎቻችሁ ዘመዱን ነው ያገኙት።

ይህችኛዋም ራሷ የዚህ ውይይት ጉዳይ ናት። ከእሷ ጋር ባይደንስ ፖሊሌፒስ የሚባል ነበር። ልዩነታቸው ከአበባው ሥር ያሉት አረንጓዴ ውጫዊ ቅጠሎች ቁጥር ነው፣ አንዷ ጥቂት ሌላዋ ብዙ አላት። ሰው ብዙ ሜዳ ዞሮ ሲቆጥር መሀል ላይ የሚወድቁ በዙ። አሁን የሰሜን አሜሪካው የዕፅዋት መዝገብ ሁለቱን አንድ አድርጓቸዋል። እዚያ ምልክቱ ላልቶ አንድ ሆኑ፣ ጨጎጊት ላይ ደግሞ አንድ የመሰለው ሦስት ሆነ። ሁለቱም የሆነው ሰው ሜዳ ወርዶ ስለቆጠረ ነው።

አትክልት ቦታ የሚተከለውን ብርቱካናማ ቢጫ ኮስሞስ ግን ከአደይ አትደባልቁት። የሜክሲኮ ተክል ነው፣ ዘሩ ረጅም አፍንጫ አለው። እዚህም አዲስ አበባ በየግቢው አለ።

ጥያቄ አለኝ
የሃዋዩ ነገር አሳመነኝ። ግን አንድ ነገር ይቀረኛል። የእኛ አደዮች እርስ በርስ የተለያዩት በምንድን ነው? እኛ ደሴት የለንም።

ቅጠልና ዘር
ተራራ አለን። አባይ ሸለቆ አለ፣ ስምጥ ሸለቆ አለ። ቆላው ሙቀት ለደጋ አበባ እንደ ባሕር ነው፣ ዘሩ በቀላሉ አይሻገረውም። ከሸለቆው ወዲህና ወዲያ የቀሩ አበቦች ሳይገናኙ ረጅም ዘመን ሲቆዩ ይለያያሉ። በዚያው ተራራ ላይም ከፍታው፣ አፈሩ፣ የሚያብቡበት ሳምንት ይለያቸዋል። ይህ ለደጋ ተክሎቻችን በጥቅሉ የሚታወቅ መንገድ ነው። ለእያንዳንዱ አደይ በየትኛው ሸለቆ ምክንያት ተለየ የሚለው ግን ከየቦታው ናሙና ተሰብስቦ፣ ዘሩም ዲ ኤን ኤውም ታይቶ የሚመለስ ነው፤ አንድ የማስተርስ ተማሪ ርዕስ እየፈለገ ከሆነ ይህ አለልህ።

ለዚህ ደግሞ አበባው መኖር አለበት። አደይ የምንላቸው እነዚህ የአንድ ዓመት ተክሎች ናቸው። ዘንድሮ ዘር ሳይጥሉ ከተነቀሉ ለከርሞው ተስፋቸው አፈር ውስጥ የቀረው የድሮ ዘር ብቻ ነው። ለበዓል የምትለቅሙ፣ እባካችሁ ከነሥሩ አትንቀሉ። ከላይ ቁረጡ፣ ከአንድ ቦታም ጥርግ አድርጋችሁ አትውሰዱ። ከተማው እየሰፋ ሜዳው እየጠበበ ነው።

አባ ቀፎ
እኔም እላለሁ። አደይ የጠፋበት ቦታ ቀፎ ባዶ ነው።

የሱሉልታዋ
ኅዳር ላይ ተመልሼ እሄዳለሁ። ዘሩን እንዴት ልያዘው? ምን ምን ልጻፍ?

የድሮ ሳጥን
ፌስታል ውስጥ እንዳትከቺ፣ ይሻግታል። የወረቀት ፖስታ ያዢ። ከእያንዳንዱ ተክል የደረሰ ዘር፣ አንድ አበባ ከነውጫዊ ቅጠሎቹ፣ ከታችና ከላይ አንድ አንድ ቅጠል። ቅጠሉን በጋዜጣ መሀል አድርገሽ ከባድ ነገር ጫኚበት፣ ጋዜጣውን በየቀኑ ቀይሪ። ፖስታው ላይ ቦታውን፣ ቀኑን፣ ከፍታውን፣ ሜዳ ነው ማሳ ዳር ነው ረግረግ ነው የሚለውን ጻፊ። የአበባውን ቀለምም ጻፊ፣ ሲደርቅ ይጠፋል። ሁለቱን ተክሎች በአንድ ፖስታ አትቀላቅዪ።

ፎቶ ስታነሺ ደግሞ ከጎን አንሺ፣ ከሥሩ አንሺ። ዘሩን ነጭ ወረቀት ላይ አድርገሽ አጠገቡ ማስመሪያ አስቀምጪ። ክንፍ ካለው ክንፉ ምን ያህል እንደሰፋ፣ ጥርስ ካለው ወደ ላይ ነው ወደ ታች የሚነክሰው የሚለው እንዲታይ።

ናሙናውን አራት ኪሎ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ብሔራዊ ሀርባሪየም ብትወስጂው እዚያ ካሉት ጋር ማመሳከር ይቻላል። ፎቶዎቹን መጀመሪያ እዚህ ለጥፊያቸው፣ ቅጠልና ዘርም እኔም እናያቸዋለን። የመጭዋንም ዘር ጨምሪ፣ ለማነጻጸር።

የመምህሩ ልጅ
የመጭ ዘር ከእኔ ይሁን፣ አባቴ አጨዳ ላይ ሳይጥላት እሰበስባለሁ። ኑጉንም ጎን ለጎን አደርጋለሁ።